ያዘዘው ሰው ስም

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ለምትወዱት ሰው ስትሉ እውነትን ስንት ጊዜ ቆርጣችሁ ጥላችኋል? አትሽኮርመሙ። «እኔ እንኳ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም» የምትሉትን ለጎረቤት ንገሩት። ፍቅር ሰውን ደግ ያደርጋል እያሉ የሚሰብኩም አፋቸውን ቢይዙ ይሻላል። ፍቅር ሰውን ከሁሉ በፊት ሸፋኝ ያደርገዋል። የተሸፈነለት ሰው ሙቀቱን ይለምዳል፤ ሸፋኙን ብርድ ሲመታው ግን ዞር ብሎም አያይም። ካላመናችሁ የሚሊን ነገር ስሙ።

ሚሊ ስሟ አይደለም። ሥራ ቦታ የወጣላት ነው፤ በአንድ ሚሊሜትር ምክንያት ከሰው ጋር ግማሽ ቀን ስለምትከራከር። የአንድ ምርምር ማዕከል ቴክኒሻን ናት፤ ብቸኛዋ። ዲግሪ የላትም። ያላት ሁለት እጅ ነው፤ እነዚያ እጆች ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሲበይዱ ያየ ሰው ግን ዲግሪ ለምን እንደሚያስፈልግ ግራ ይገባዋል።

የምትሠራበት ላቦራቶሪ መሐል ላይ አንድ ትልቅ የብረት በርሜል በአግድሞሽ ተኝቷል። ሰው ጎንበስ ብሎ ሊገባበት ይችላል። አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ ይወጣል፤ በምትኩ ጥቂት ጋዝ ይለቀቅበታል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ጋዙ ሐምራዊ ሆኖ ይበራል። ፕላዝማ የሚሉት ይህንን ነው። ሳተላይቶች የሚመላለሱበት ሰማይ እንዲህ ያለ ነገር አለበት፤ ምድር ላይ አፉን የፈታ አንቴና እዚያ ሲደርስ ሊንተባተብ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ በርሜሉ ውስጥ ይፈተናል። ኃይል ይላክለታል፤ ከተላከው መቶ እጅ ስንቱ ሳይረጭ እንደቀረ በመለኪያ ይነበባል።

አንቴናውን የሠራችው ሚሊ ናት፦ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች፣ በመሐላቸው ነጭ የሸክላ ቀለበት። ቀለበቱ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሁለቱን ዘንጎች ለያይቶ የሚይዘው እሱ ነው።

መለኪያው የተተከለው በርሜሉ ጎን ሲሆን መዝገቡ ያለው ከመስታወት ወዲያ ባለ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ቆሞ ያነባል፤ ሌላው እየጻፈ የሰማውን መልሶ ይጠራል፤ እንዳይሳሳቱ። አንባቢዋ ሚሊ ነበረች። ጸሐፊው ደግሞ አልጋ ወራሽ።

አልጋ ወራሽ ያሉት የፕሮፌሰሩ ልጅ ስለሆነ ነው፤ ፕሮፌሰሩ ማዕከሉን የሚመራው ሰው ነው። ለዶክትሬቱ ምርምር ሊሠራ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ነው ስም የወጣለት። ሲሰማ አልተቆጣም። «ታዲያ ዘውዴን የት አኖራችሁት?» ብሎ ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ። ሚሊ ልብ ያለችው ያን ቀን ነው።

አምስት ወር በቁጥር ተነጋገሩ።

«ዘጠኝ ነጥብ አራት።»

«ዘጠኝ ነጥብ አራት።»

እንዲህ ሆነው ነው የተላመዱት። አንድ ጠዋት እርሳሱን አስቀመጠና፣ «ዛሬ ከፍቶሻል» አላት።

«በምን አወቅህ?»

«አሥራ ሁለትን ስትጠሪ ድምፅሽ ወረደ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ቁጥር ስጠራ የዋልኩ ሴት፣ ድምፄ ባይወርድ ነው የሚገርመው።»

ነገር ግን እውነቱን ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ያን ጠዋት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት ነበር። ሚሊ ይህን ለማንም አልተነፈሰችም። በእናቷ ዓይን መከፋቷን ከቁጥር ድምፅ ያወቀ ወንድ፣ እስቲ ምን ይባላል? ያን ቀን የቀሩትን ቁጥሮች ሁሉ በለሆሳስ ጠራቻቸው፤ እሱም በለሆሳስ መለሰ።

የመጨረሻው ዙር መለካት ሲጀመር ፕላዝማውን በየቀኑ ያወፍሩት ነበር። ቁጥሩም በየቀኑ ይወጣል፦ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ አንድ፣ እያለ እስከ ሃምሳ። ፕላዝማው ሲወፍር አንቴናውን እያፈነው ነው ብለው ጻፉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሚሊ ባትሪ አብርታ በክቧ መስኮት ወደ በርሜሉ ውስጥ አየች።

«ቀለበቱ ጠቁሯል» አለች።

«ጥላ ይሆናል።»

«ባትሪ ይዤ ጥላ ትለኛለህ እንዴ! ፕላዝማው የበርሜሉን ግድግዳ እየላጠ ብናኙን ቀለበቱ ላይ ለጥፎታል። ብረት ለብሷል ማለት ነው። ኃይሉ የሚሾልከው በእሱ በኩል ነው፤ ፕላዝማው አይደለም ያፈነው። ይከፈትና ላጽዳው።»

«ሚሊዬ፣ ከተከፈተ አየሩን እንደገና ለመምጠጥ ሦስት ቀን ነው። አባዬ ደግሞ ሪፖርቱን ሐሙስ ይፈልጋል።»

«ሐሙስ የተሳሳተ ሪፖርት ምን ያደርግለታል?»

«አይከፈት» አለ። ከዚያ ከመስታወቱ ወዲያ ተነስቶ መጣና እጇን ያዘ፤ በአምስት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። «ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

ማታ ማታ መዝገቡን የምትዘጋው ሚሊ ናት፤ በርሜሉ በእሷ እጅ ስለሆነ። የታየውን ትጽፋለች፤ የተሰጠ ትዕዛዝ ካለ ትጽፋለች፤ በገጹ ቀኝ ጠርዝ ባለችው ጠባብ ሳጥን ደግሞ ያዘዘውን ሰው ስም ታሰፍራለች። ያን ቀን «የሸክላው ቀለበት ጠቁሯል፤ በርሜሉ እንዳይከፈት ታዟል» ብላ ጻፈች። ሳጥኗ ጋ ስትደርስ ብዕሯ ቆመ። መዝገቡን ፕሮፌሰሩ ያነባል። አባት ልጁን በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ እንዲያገኘው አልፈለገችም። በአንድ ሚሊሜትር ከሰው የምትጣላው ሴት ሳጥኗን እንዳለች ባዶ ትታ መዝገቡን ዘጋች። እጇ ላይ የእሱ እጅ ሙቀት አልጠፋም ነበርና ቤቷ እስክትደርስ ለብቻዋ ፈገግ እያለች ሄደች።

ስምንት ወር አለፈ። ጽሑፉ ታተመ፤ በወፍራም ፕላዝማ ውስጥ አንቴናው ግማሽ ኃይሉን ያጣል ተባለ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ከሌላ ማዕከል ደብዳቤ መጣ። ያንኑ አንቴና ሠርተው፣ ቀለበቱን በየቀኑ እያጸዱ ለክተውታል፤ የሚጠፋው ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም። በጨዋ ቋንቋ «ምን ነካችሁ?» ነበር የሚለው።

ማክሰኞ ዝግ ስብሰባ ተቀመጡ። ሚሊን በመጨረሻ አስጠሯት። ፕሮፌሰሩ አልጮኸም፤ ጮኾ አያውቅም። እንዲያውም ወንበር ሳበላት።

«ልጄ፣ እዚህ ማንም አይጠላሽም» አለ፤ መዝገቡን ከፍቶ። «ቀለበቱ መጥቆሩን አይተሻል። ታዟል ብለሽ ጽፈሻል። ያዘዘው ሰው ስም ግን የለም። ማን ነው ያዘዘሽ?»

ሚሊ ጠረጴዛውን ተሻግራ አየች። አልጋ ወራሽ ከፊቱ ያለውን የውሃ ብርጭቆ እያየ ነበር። ጠበቀችው። ብርጭቆውን በትንሹ አዞረው፤ መልሶ አዞረው። በሕይወቷ ብርጭቆ እንደዚያ የተመረመረበትን ቀን አታስታውስም።

«ያዘዘኝ ሰው ራሱን ያውቃል» አለች።

«እንግዲያው ይናገራ!» ፕሮፌሰሩ ዙሪያውን አየ። አንድ ሰው ሳል አለ፤ ሌላው ወንበሩን አስጠጋ። ልጁ ብርጭቆውን እንደገና አዞረ።

ውሳኔው ተነበበ። ሰኞ በሁሉም ፊት፣ በክፍቱ ጉባኤ፣ ማዕከሉ ስህተቱን ያምናል፤ ምክንያቱም «የቴክኒሻን ቸልተኝነት» ይባላል። ሚሊ ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ትዛወራለች። ብሎን ትቆጥራለች ማለት ነው። ያ ሁሉ ጨዋነት፣ ያ ሁሉ «ልጄ»፣ ለዚህ ነበር! ሰውን ወንበር ስበው አስቀምጠው የሚያርዱ ሰዎች ከሚጮኹት ይብሳሉ።

ኮሪደሩ ላይ አልጋ ወራሽ አጠገቧ አለፈ። ቀና አላለም። አፈረብኝ አለች በልቧ፤ ያፈረው በትዕዛዙ አይደለም፣ በኔ ነው፤ የበያጅ እጅ ይዞ መታየት አልፈለገም። ሽንት ቤት ገብታ እጇን ታጠበች፤ ንጹሕ ነበር፤ እንደገና ታጠበች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ስትመለስ፣ ደብዳቤው በቤቷ በር ሥር ገብቶ አገኘችው። እናቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ፔዳሉን አቆመች።

«ከሱ ነው?»

«ከሱ ነው።»

«በይ አንብቢልኝ። የዚያ ልጅ ጽሑፍ ጉንዳን ነው፣ አይታየኝም።»

ሚሊ አነበበች፦

«ሚሊዬ፣ ዝም ያልኩት ስላፈርኩብሽ እንዳይመስልሽ። በሕይወቴ የኮራሁበት አንድ ነገር ቢኖር አንቺ ነሽ። አባቴ ግን የሰው ስህተት ይቅር ይላል፤ የኔን አይልም። አሁን ብናገር ዲግሪዬ ይቀራል፤ እሱ ከቀረ ደግሞ እኔና አንቺ የምንቆምበት መሬት የለም። ሦስት ወር ታገሺኝ። ከዚያ እጅሽን ይዤ ፊቱ እቆማለሁ። ‹አይከፈት› ያልኩት እኔ ነኝ። ላንቺ አልክድም።»

አላፈረባትም! ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳ፤ በቦታው ግን ሌላ ተቀመጠ፤ ይኼኛው ስም አልነበረውም።

«ቆንጆ ደብዳቤ ነው» አለች እናቷ።

«አዎ።»

«ታዲያ ልጄ፣ ስድቡ በአደባባይ፣ ሙገሳው በበር ሥር?»

ሚሊ ደብዳቤውን እንደገና ከላይ ጀምራ አየችው።

«እኔ ለደንበኛ ገበሩን ሐር፣ ላዩን ጆንያ አድርጌ ብሰፋለት ይለብሰዋል? ‹ውስጡን ዳብሰው፣ ይለሰልሳል› ብዬ ልለምነው?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ፈርቶ ነው።»

«ይፍራ። ማን አይፈራም? ግን ይኸው በእጁ ጽፎልሻል። ውሰጂና ለፕሮፌሰሩ ስጪው፣ ነገሩ አለቀ።»

ሚሊ ደብዳቤውን አጠፈችው። «ይሄን ብሰጥ የተናገረው ወረቀቱ ነው የሚሆነው። እሱ እንዳልተናገረ ይቀራል።»

እናቷ መርፌና ክር አቀበለቻት። «በይ አስገቢልኝ» አለች። ሚሊ በመጀመሪያ ሙከራ አስገባችው።

እስከ ሰኞ በርሜሉ የእሷ ነው። ረቡዕ ጠዋት፣ ደብዳቤው ሳይደርሳት በፊት፣ በርሜሉን ከፍታ የጠቆረውን ቀለበት አውጥታ ነበር፤ በምትኩ አዲስ ነጭ ቀለበት ገጠመች፤ አየሩን እንዲመጥጥላት የለመነችው ጋሼ ፓምፕን ነው። ጋሼ ፓምፕ ሃያ ዓመት ከፓምፖቹ ጋር ሲጮህ የኖረ ሽማግሌ ነው፤ ስለዚህ ሹክ ሲል እንኳ ሦስት ክፍል ይሰማል። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ዝግጁ ሆነ። ፕላዝማውን ያኔ እስከነበረበት ጣሪያ ድረስ አወፈሩት። በርሜሉ ሐምራዊ ሆነ።

«በይ አንብቢ» አለ ጋሼ ፓምፕ። «እኔ እጽፋለሁ። ዓይኔ ቢደክምም ቁጥር አይጠፋኝም።»

ሚሊ መለኪያውን አየች። «ሰባት ነጥብ ሁለት» አለች።

«ሰባት ነጥብ ሁለት።»

መልሶ የጠራው ጋሼ ፓምፕ አልነበረም። ሚሊ አልዞረችም። መቼ እንደገባ አላየችም፤ ድምፁን ግን ከሺህ ታውቀዋለች። የኃይሉን ቁልፍ አንድ እርምጃ አዞረች።

«ሰባት ነጥብ ሦስት።»

«ሰባት ነጥብ ሦስት።»

አሥር ጊዜ አነበበች፤ አሥር ጊዜ መለሰላት። ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት። ግማሽ ጠፋ የተባለው ኃይል እዚያው ነበር። ስታበቃ ዞር አለች። አልጋ ወራሽ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፤ ጢሙን አልተላጨም፤ የጠቆረው ቀለበት በእጁ ነው፤ ጣቱ ላይ ሊያገባው የሚሞክር ይመስል ያገላብጠዋል።

«ደብዳቤዬ ደረሰሽ?»

«ደረሰኝ።»

«ታዲያ?»

«ቆንጆ ነው። እማዬም ወደደችው።»

«ለእናትሽ አነበብሽላት?» ፊቱ ቀላ።

«ጽሑፍህ ጉንዳን ነው አለች።»

ጋሼ ፓምፕ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ፓምፑን ልየው» አለና ቀስ ያለ መስሎት ጮኸ፤ ወደ ፓምፑ ሄዶ ጀርባውን ሰጣቸው። አንድም ብሎን አልነካም።

«ሚሊ፣ ሦስት ወር ነው የለመንኩሽ። ሦስት ወር ምንድን ነው?»

«በርሜሉን ለመክፈትም ሦስት ቀን ነበር። ሦስት ቀንስ ምን ነበር?»

ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አባቴን አታውቂውም። ልጅ ሆኜ ፈተና ስወድቅ አይመታኝም፣ አይቆጣኝም። አንድ ሳምንት በስሜ አይጠራኝም ብቻ። ‹አንተ› ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም ያን ሳምንት እፈራለሁ። አልጋ ወራሽ ሲሉኝ የምስቀው ደስ ብሎኝ መስሎሻል?»

ሚሊ አጠገቡ መጣች። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልጠየቀችውን ነገር ነው የነገራት። ያን አንድ ሳምንት በስሙ ያልተጠራ ልጅ አሁን ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ታያት፤ ልታቅፈው ፈለገች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«እወድሃለሁ» አለችው። «ይሄን ስልህ ድምፄ ወረደ?»

«አልወረደም።»

«እንግዲያው ስማኝ። ስምህን ለማንም አልናገርም። ደብዳቤውንም አላሳይም። ብሎን ቁጠሪ ካሉኝ ብሎን እቆጥራለሁ፤ ብሎን አላስቀየመኝም። ግን ቸልተኛ ናት ተብሎ በሰው ፊት ተነግሮብኝ፣ አንተ በበር ሥር የምትወደኝ ሴት ሆኜ አልኖርም። እኔ የሸፈንኩህ ልጠብቅህ ብዬ ነበር። እንድትደበቅበት አይደለም።»

«ሰኞ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እጠይቃለሁ።»

«ሚሊዬ፣ እባክሽ።»

ይህን «እባክሽ» ያለበት ድምፅ፣ «ኃላፊነቱ የኔ ነው» ካለበት ድምፅ ጋር አንድ ነበር፤ ያው ልስላሴ፣ ያው ሙቀት። ሚሊ ይህን ስትሰማ አልተቆጣችም። አዘነች እንጂ፤ የምትወደው ሰው እያለ እንደናፈቃት ያህል አዘነች።

ሰኞ አዳራሹ ሞላ። ከሌላው ማዕከል የመጡትም ከፊት ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰሩ መድረክ ላይ ነው፤ ልጁ ከጎኑ ሥዕሎቹን በስክሪኑ ላይ ይቀያይርለታል። ፕሮፌሰሩ በተረጋጋ ድምፅ አነበበ፦ ስህተት ተፈጥሯል፤ ምክንያቱ የቴክኒሻን ቸልተኝነት ነው፤ እርምጃ ተወስዷል። ሰው በትሕትናው ተደስቶ አጨበጨበ። በሌላ ሰው ጀርባ ላይ የቆመ ትሕትና ነውና ከፍ ብሎ ይታያል።

«ጥያቄ ያለው?» አለች መድረክ መሪዋ።

ከኋላ ሚሊ ተነሳች። የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

«እህቴ፣ የቴክኒክ ሠራተኞች ጥያቄ በጽሑፍ ነው የሚቀርበው።»

«በጽሑፍ የመጣ መልስማ አለኝ» አለች ሚሊ። «ቆንጆ መልስ ነው። ግን ለኔ ብቻ የተጻፈ ስለሆነ አላነብላችሁም።»

አንዳንዱ ሳቀ። መድረክ ላይ ስክሪኑ ባለበት ቆመ።

«ልጄ፣ ይህ ቦታው አይደለም» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ፕሮፌሰር፣ ቸልተኛ የተባልኩት እዚህ ነው። ስሜን ባይጠሩትም ቴክኒሻን እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ቦታው እዚህ ነው።»

ሳቁ ጠፋ። ሚሊ እጆቿን ከፊቷ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ አሳረፈች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን መለኪያ ስታነብ እንደምታደርገው እያንዳንዱን ቃል ለይታ ጠራች።

«ቅዳሜ በንጹሕ ቀለበት እንደገና ለክቻለሁ፤ የሚጠፋው ሰባት ነው። የጎረቤቶቻችን ቁጥር ትክክል ነው። ያዘዘው ሰው ስም የሚጻፍባትን ሳጥን ባዶ የተውኳት እኔ ነኝ፤ ያ ጥፋቴ ነው፤ ቅጣቱንም እቀበላለሁ። ቀለበቱን ግን አይቻለሁ፣ ይከፈት ብያለሁ፣ አይከፈት ተብያለሁ። ያለኝ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነው።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ። ሚሊ ወደ ፕሮፌሰሩ አላየችም። ከጎኑ የቆመውን አየች፤ ፊቱ ወረቀት መስሏል፤ ዛሬ ግን የሚያየው ብርጭቆ አልነበረውም፤ እሷን ነበር የሚያየው።

«ስሙን አልናገርም» አለች። «አሁንም እወደዋለሁና አልናገርም። እሱ ግን አፍ አለው። ከሦስት ወር በኋላ አይደለም፤ በወረቀት አይደለም፤ በጆሮዬ አይደለም። እዚህ፣ አባትም አለቃም እንግዳም እየሰማ፣ አሁን፦ በርሜሉ አይከፈት ያልከኝ ሰው፣ እኔ ነኝ በልና መልስ!»